ስዊድኖች ምግባቸውን የሚያጣፍጡት ከጎን ነው

ስቶክሆልም አካባቢ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ቁርሱን፣ ምሳውን፣ የከሰዓቱን ቡናና እራቱን አዘጋጅቼ የማቀርበው ዕድሜ ልካቸውን የስዊድን ምግብ ሲበሉ ለኖሩ ሰዎች ነው። ከአገር ቤት አዲስ የሚመጡ ወገኖቼ ደግሞ ባገኙኝ ቁጥር አንድ ነገር ይነግሩኛል፦ «ምግባቸው ጣዕም የለውም፤ ድንችና ጨው ብቻ ነው።» ሥራ ቦታ የሚቀርበውን ምሳ ሳይነኩ የሚውሉ፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚበሉትን የማያውቁ፣ ሱፐርማርኬት ገብተው ከሚያውቁት ሩዝና ዶሮ ሌላ የማይገዙ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

የእኛ ወጥ ከድስት የሚወጣው ጣዕሙን ይዞ ነው። ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ በርበሬው ይበስላል፣ ቅቤው ይገባል፣ መከለሻው በመጨረሻ ይነሰነሳል። እንጀራው ላይ ሲወጣ ያለቀለት ነው፤ ማንም ሰው ማዕድ ላይ ተቀምጦ ወጥ ሊያስተካክል አይነሳም፣ ቢሞክር ባለሙያዋን ማስቀየም ነው። ስዊድን ውስጥ ድስቱ ሥራውን በግማሽ ይተወዋል። የቀረው ግማሽ በትንንሽ ሳህን፣ በጠርሙስና በቲዩብ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ይመጣል። እያንዳንዱ ሰው ምግቡን ሳህኑ ላይ ራሱ ይጨርሰዋል። ከጎን የቀረበውን ትቶ ዋናውን ብቻ የበላ ሰው ግማሽ ምግብ ነው የበላው፤ ጣዕም አጣሁበት ቢልም አይፈረድበትም።

ሾትቡላር ከሚባለው የተፈጨ ሥጋ ድቡልቡል ልጀምር። የቤት ዕቃ ሻጩ አይኬያ ከ1985 ጀምሮ በምግብ ቤቶቹ ስለሚሸጠው ስዊድንን ያልረገጠ ሰው እንኳ ቀምሶት ሊሆን ይችላል። ሥጋው ውስጥ የሚገባው ሽንኩርት፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬና ክሪድፔፓር የሚባለው ክብ ቅመም ነው፤ ሁሉም በጥቂቱ። አብሮት በክሬም የተሠራ ቡናማ ስጎና የተቀቀለ ወይም የተፈጨ ድንች ይቀርባል። ከዚያ ሁለት ነገር ይጨመራል፦ ሊንጎን ከሚባለው ፍሬ የተሠራ ማርማላታና በስሱ ተከትፎ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር። ማርማላታ ከሥጋ ጋር ሲያዩ ብዙ ወገኖቼ ሳህኑን ይገፋሉ።

የምንከባከባቸው አንዲት ዘጠናን የተሻገሩ እናት ሲበሉ ልብ ብዬ አይቼአለሁ። መጀመሪያ ድቡልቡሉን ለሁለት ይከፍሉታል። በሹካቸው አንዱን ግማሽ ወግተው ድንቹን ያስከትላሉ፣ ስጎው ውስጥ ያሻሹታል፣ ከዚያ በቢላዋቸው ጫፍ ከሊንጎኑ አንድ ሁለት ፍሬ ያነሱና ሹካው ጫፍ ላይ ይጭኑታል። አንድ ጉርሻ ውስጥ ስቡ፣ ጨው፣ ጣፋጩና ኮምጣጣው አብረው ይገባሉ። ሊንጎን ያልቀረበ ቀን «የት አለ?» ብለው ይጠይቃሉ እንጂ መብላት አይጀምሩም። እኔም የገባኝ ያኔ ነው፤ ፍሬው በጣም ኮምጣጣና ትንሽ መራራ ስለሆነ የሥጋውን ስብ ይሰብረዋል። የእኛ ሎሚ ወይም አዋዜ ጥብስ ላይ የሚሠራውን ሥራ እነሱ ዘንድ ሊንጎን ይሠራዋል። ስለዚህ ሳህናችሁ ዳር ላይ አንድ ማንኪያ አድርጉና በየጉርሻው ጥቂት ጥቂት ውሰዱ፤ ሁሉንም አንድ ላይ አትለውሱት።

ሊንጎን በጫካ የሚበቅል ትንሽ ቀይ ፍሬ ነው። በተፈጥሮው ቤንዞይክ አሲድ የሚባል እንዳይበላሽ የሚያደርግ ነገር አለው፤ በድሮ ጊዜ ገበሬዎች በንጹሕ ውሃ ብቻ ዘፍዝፈው ክረምቱን ያሳልፉበት ነበር። የሚለቀመው ከነሐሴ መጨረሻ ገደማ ጀምሮ በመስከረም ነው። አገሩ አለማንስሬተን የሚባል ሁሉም ሰው ተፈጥሮ ውስጥ የመዘዋወር መብት ስላለው ጫካው የግለሰብ ቢሆንም እንኳ የጫካ ፍሬ መልቀም ይፈቀዳል፤ የሰው ግቢና አዝመራ ውስጥ ግን አይገባም፣ ጥብቅ ቦታዎችም የራሳቸው ደንብ አላቸው። ልጆች ይዞ መውጣት በጣም ደስ ይላል። መልቀም ካልሆነላችሁ በረዶ ቤት የቆየው ዓመቱን ሙሉ ሱቅ አለ። ማብሰል አያስፈልገውም፦ ግማሽ ኪሎ ሊንጎን ላይ ሁለት መቶ ግራም ያህል ስኳር አድርጋችሁ በየመሐሉ ማማሰል፣ ስኳሩ ሲሟሟ ፍሪጅ ማስገባት። በማሰሮ ከሚሸጠው ይልቅ ፍሬው ስለሚጎላ ለእኔ ይሄ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ አሳማ ሥጋ መናገር አለብኝ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የማንበላው ብዙ ነን። ሱቅ ውስጥ ያለው ሾትቡላር አብዛኛውን ጊዜ የበሬና የአሳማ ሥጋ ድብልቅ ነው፤ ድብልቁ ብላንድፌርሽ ይባላል። ፋሉኮርቭ የሚባለው ወፍራም ቋሊማ፣ ልጆች ከመኮረኒና ከካቻፕ ጋር የሚወዱት፣ የተለመደው ዓይነት አሳማ አለበት። ለቨርፓስታይ ዳቦ ላይ የሚቀባው የጉበት ሊጥ የአሳማ ጉበት ነው። ብሎድፑዲንግ ደግሞ ከአሳማ ደም በዱቄት የሚሠራ ጥቁር ነገር ሲሆን እሱም በሊንጎን ይበላል። ዕቃው ላይ ፍሌስክ፣ ግሪስ ወይም ሺንካ የሚል ካያችሁ አሳማ ነው፤ ኖትሾት የሚል የከብት ሥጋ ነው። ብዙዎቹ ለስላሳ ከረሜላዎችም ጄላቲን አለባቸው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከአሳማ ይሠራል። ከዚህ ሁሉ የከብት ሥጋ ብቻ የሆነም፣ የዶሮም፣ የአትክልትም አማራጭ ስላለ መተው ሳይሆን ማንበብ ነው የሚያስፈልገው። ምግብ ቤት ውስጥ «አሳማ አለበት ወይ?» ብሎ መጠየቅ ፈጽሞ አያሳፍርም። በዚህ አገር ሰው ስለሚበላውና ስለማይበላው በግልጽ መናገሩ እንደ ጨዋነት ነው የሚቆጠረው።

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ኤርትሶፓ አለ፤ የቢጫ አተር ሾርባ። ትምህርት ቤት፣ ጦር ሠራዊት፣ ሆስፒታል፣ የእኛም ወጥ ቤት፣ ሐሙስ ከሆነ አተር ነው፤ ከኋላው ስስ ፓንኬክ ከማርማላታ ጋር ይከተላል። ልማዱ ከካቶሊክ ዘመን የመጣ ነው እየተባለ ነው የሚነገረው፦ ዓርብ ጾም ስለነበረ ሐሙስ ጠገብ ብሎ ለማደር። ስዊድን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሉተራን እምነት ስትዞር የዓርብ ጾም ቀረ፣ የሐሙስ አተር ግን ቀጠለ። እኔ ዓርብን እየጾምሁ ሐሙስ ይህን ሾርባ ሳቀርብ ዘወትር ይገርመኛል። ንጉሥ ኤሪክ 14ኛ በ1577 በእስር ላይ ሳለ የሞተው በተመረዘ የአተር ሾርባ ነው ይባላል፤ መቃብሩ በ1958 ተከፍቶ ሲመረመር አርሴኒክ ተገኝቶበታል።

ሾርባው ራሱ አሳማ፣ ሽንኩርትና ጥቂት ጦስኝ ያለበት ገር ነገር ነው። ጣዕሙን የሚሰጠው ሰናፍጭ ነው፤ ሴናፕ ይሉታል። የሚበላው ሰው ከሳህኑ ዳር አንድ ማንኪያ ሰናፍጭ ያስቀምጥና ሾርባውን በቀዳ ቁጥር የማንኪያውን ጫፍ ነካ ያደርጋል፣ ወይም ገና ከጅምሩ ይበጠብጠዋል። ተራው የስዊድን ሰናፍጭ ጣፋጭ ነው፤ ከእኛ ጋር ስታነጻጽሩት አፍንጫ አይነካም። ሻል ያለ ኃይል የምትፈልጉ ከሆነ ከደቡቡ ከስኮኔ ክፍለ ሀገር ስሙን ያገኘውን፣ ፍሬው ያልደቀቀውን ዓይነት ግዙ።

ለጾም ቢጫው አተር በጣም ይጠቅማል። ሙሉውን ፍሬ ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ ያለ ሥጋ በሽንኩርትና በጦስኝ ቀቅሉት፣ ሰናፍጭ ጨምሩበት፤ ረቡዕም ዓርብም የሚሆን ምግብ ነው፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። የእኛኑ ሰናፍጭ ማዘጋጀት ለሚፈልግም የሰናፍጭ ፍሬ እዚሁ ይሸጣል። ቡናማው ከቢጫው ይበልጥ ይከነክናል። ፈጭታችሁ ለማሸት ቀዝቃዛ ውሃ ተጠቀሙ፤ ሙቅ ውሃ ኃይሉን ይገድለዋል። ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ዘይት፣ ጨውና ነጭ ሽንኩርት ይጨመራል። ሁዳዴ ላይ ሠርቼ ወደ ሥራ ስወስድ የስዊድን ባልደረቦቼ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ ድጋሚ ይጠይቁኛል።

ስለ ኤቲካ ሁሉም ሰው ቢያውቅ እወዳለሁ፤ የደኅንነት ጉዳይም ስላለበት። ኤቲካ የስዊድን ኮምጣጤ ነው። ሱቅ ውስጥ በጠርሙስ የሚሸጠው ግን ሰላጣ ላይ የምናውቀው ዓይነት አይደለም፤ አንዱ 12 በመቶ፣ ሌላው 24 በመቶ ነው። እኛ የለመድነው የወይን ኮምጣጤ 6 በመቶ አካባቢ ነው። 24 በመቶው ሳይበረዝ አፍም ዓይንም ያቃጥላል። ሰላጣ ላይ በቀጥታ አይፈስም፣ ልጆች ከሚደርሱበት ቦታ አይቀመጥም፣ የውሃ ጠርሙስ ውስጥም ፈጽሞ አይገለበጥም። የቡና ማፍያና የውሃ ማፍያ ዕቃን ነጭ ቅርፊት ለማጽዳት ግን ከእሱ የተሻለ የለም፤ አበርዛችሁ አፍሉትና በደንብ አለቅልቁ።

ምግብ ላይ ስዊድኖች የሚጠቀሙበት ቀመር ማንም አያት የምታውቀው ነው፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንድ እጅ 12 በመቶ ኤቲካ፣ ሁለት እጅ ስኳር፣ ሦስት እጅ ውሃ። በእጃችሁ ያለው 24 በመቶው ከሆነ ኤቲካውን በግማሽ ቀንሳችሁ የቀነሳችሁትን ያህል ውሃ ጨምሩ። ስኳሩ እስኪሟሟ አሙቁት፣ ይቀዝቅዝ። ሾትቡላር ላይ የሚቀርበው ፕረስጉርካ የሚሠራው በዚህ ነው። ኪያሩን ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ አሳስታችሁ ክተፉት፣ ጨው ነስንሳችሁ ከላዩ ሳህንና ከበድ ያለ ነገር ጫኑበት። ግማሽ ሰዓት ውስጥ ውሃውን ይተፋል። አፍስሱት፣ የቀዘቀዘውን ኮምጣጤ ገልብጡበት፣ ፐርስሊ በትኑበትና ለአንድ ሁለት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ተውት። ቀይ ሽንኩርትም እንዲሁ ይሠራል፤ እኔ ቤት ሽሮ ሲቀርብ ይህ ሽንኩርት አይጠፋም። ስኳሩን ግን ልብ በሉ። ሰናፍጩ፣ ኮምጣጤው፣ ካቻፑ፣ የተዘፈዘፈው ዓሣ፣ ሲራፕ የገባበት ለስላሳ ዳቦ፣ ሁሉም ውስጥ ስኳር አለ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ዳቦ እንኳ ሲገዛ ሶከር የሚለውን ቃልና መጠኑን ይይ። አረንጓዴ የቁልፍ ቀዳዳ ምልክት ያለበት ዕቃ ከመሰሎቹ ያነሰ ስኳርና ጨው ወይም የተሻለ ስብና ፋይበር ያለው ነው፤ ምልክቱን ያወጣው የአገሩ የምግብ ባለሥልጣን ሲሆን ከ1989 ጀምሮ አለ።

ቁርስ ላይ ሰማያዊ ቲዩብ ታያላችሁ፣ ከላዩ የፈገግታ ልጅ ምስል ያለበት። ካለስ ካቪያር ነው። ውስጡ ያለው የኮድ ዓሣ እንቁላል በጢስ ታጥኖ ከዘይት፣ ከስኳርና ከጨው ጋር ተለውሶ ነው። አባ የሚባለው ኩባንያ በ1954 ገበያ ካወጣው ጀምሮ ከቁርስ ማዕዳቸው አልተለየም። ዳቦ ላይ ብቻውን ከቀባችሁት ጨውና ዓሣ ዓሣ ነው፤ አልመክርም። የተቀቀለ እንቁላል ከትፋችሁ ክኔከብሮድ በሚባለው ደረቅ ቂጣ ላይ ደርድሩና ከላዩ ቀጠን ያለ መስመር ብቻ ጨምቁ፤ እንቁላሉ ጨዉን ይሸከመዋል። ከጎኑ ያሉት ሌሎቹ ቲዩቦች ብዙ ጊዜ የሚቀባ አይብ ናቸው፤ ሽሪምፕ ያለበትም፣ የአሳማ ሺንካ ያለበትም ስላለ ጽሑፉን አንብቡ።

ክትፎ ለሚወድ ሰው ደግሞ ሮቢፍን ሳልነግር አላልፍም። ጥሬ ቀይ የከብት ሥጋ በቢላዋ ተከትፎ ይቀርባል። ዙሪያውን ግን እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ተቆልሎ ይመጣል፦ የደቀቀ ሽንኩርት፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቀይ ሥር፣ ኬፐር የሚባለው ኮምጣጣ እምቡጥ፣ የተፋቀ ፔፓሮት ማለትም አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሥር፣ ሰናፍጭ፣ መሐሉ ላይ ጥሬ የእንቁላል አስኳል። ተመጋቢው እንደ ፍላጎቱ ራሱ ይለውሰዋል። ክትፏችን በቅቤና በሚጥሚጣ ታሽቶ ይመጣል፣ ይሄ ደግሞ ሳይታሽ ይቀርባል፤ የሁለቱን አገር ማዕድ ልዩነት በአንድ ሳህን ማየት የሚፈልግ ይህን ይዘዝ። ቤታችሁ ክትፎ ስትሠሩ ግን በፕላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠውን የተፈጨ ሥጋ በጥሬው እንዳትጠቀሙ። እሱ በደንብ በስሎ እንዲበላ የታሰበ ነው። ሥጋ ሻጩን ለጥሬ እንደምትፈልጉት ነግራችሁ ሙሉውን ሙዳ ግዙና ራሳችሁ ክተፉት።

ዓሣው ብዙ ነው። ሲል የሚባለው በጣፋጭ ኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ሄሪንግ ለገና፣ ለፋሲካና በሰኔ ለሚከበረው ሚድሶማር ይቀርባል፣ አብሮትም አዲስ ድንች፣ እንስላል፣ ቀጭን የሽንኩርት ቅጠልና ግሬድፊል የሚባል ኮምጣጣ ክሬም። ዓሣውን ብቻውን አትቅመሱት። ድንቹ ትኩስ፣ ክሬሙ ቀዝቃዛ፣ ዓሣው ጨዋማና ጣፋጭ ሆኖ አንድ ላይ ሲሆን ነው የሚጥመው። የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የሰናፍጭ ስጎ ያለበትን ዓይነት ምረጡ፣ ለስለስ ይላል። በነሐሴ የሚከፈተው ሱርስትሮሚንግ፣ የተብላላው ሄሪንግ፣ ሽታው በጣም ከባድ ስለሆነ ስዊድኖቹም ብዙዎቹ አይነኩትም፤ ተጋብዛችሁ እንቢ ብትሉ ማንም አይቀየምም። አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ አንሾቪስ ተብሎ የሚሸጠው የስዊድኑ ቆርቆሮ ፒዛ ላይ የምናውቀው አንቾቪ አይደለም። ስካርፕሲል የሚባል ሌላ ትንሽ ዓሣ ነው፣ በስኳርና በቅመም የተዘፈዘፈ።

የፍስክና የጾም ነገር ብዙ ስለምጠየቅ እነሆ። በአገሩ ሕግ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴና የመሳሰሉት አለርጂ የሚያስነሱ ነገሮች ዕቃው ላይ ጎልተው፣ አብዛኛውን ጊዜ በደማቅ ፊደል መጻፍ አለባቸው። ለጾመኛ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። ምዮልክ፣ ስሞር፣ ግሬደ፣ ኦስት ወይም ቫስሌ ካለ የወተት ነገር ነው፤ ኤግ ካለ እንቁላል። ላክቶስፍሪ የሚለው ብዙ ሰው ያሳስታል፦ ሆድ የሚነፋው ስኳር የተሰባበረለት ወይም የወጣለት ወተት ነው እንጂ ወተትነቱን አልተወም። ለጾም የሚሆነው ቬጋንስክ የሚል ነው። የአጃ ወተት እዚሁ አገር የተስፋፋ ስለሆነ በየቡና ቤቱ አለ፤ ማኪያቶ በጾም የሚያምረው ሰው ይጠይቅ። ፊካ ላይ፣ ማለትም ቡናና ቡን ተይዞ እረፍት በሚወጣበት ሰዓት፣ የቀረፋውና የሂል ቡኖቹ ግን ቅቤና ወተት አለባቸው። ባልደረቦቼ እንደምጾም ስለነገርኋቸው ፍራፍሬ ይጨምሩልኛል። ለፊካ «አልመጣም» ከማለት ቡናውን ብቻ ይዞ መቀመጥ ይሻላል፤ የሥራ ቦታ ወዳጅነት እዚያ ነው የሚገነባው።

አሁን ስለ ሥርዓቱ። ምሳ በጊዜ ነው፤ ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ምግብ ቤቶች ይሞላሉ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ የዕለቱ ምሳ አልቋል። የዕለቱ ምሳ ዋጋ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰላጣ፣ ዳቦና ቡና አለ፤ ራሳችሁ ነው የምታነሱት። ሰው የሚበላውን ያህል ብቻ ያነሳል፣ ደግሞ መጨመር ይችላል፤ ሳህን ላይ ትርፍ መተው ግን ደስ አያሰኝም። በሰው ቤት ስትጋበዙ በተባለው ሰዓት ድረሱ፣ ጫማ አውልቁ። «ብሉ፣ ጨምሩ» የሚል ልመና አትጠብቁ፤ «ይበቃኛል» ካላችሁ በቃ ነው። እንደ ባህላችን ለይሉኝታ አንድ ጊዜ እንቢ ብላችሁ ሁለተኛውን ግብዣ ስትጠብቁ ሳትበሉ ትነሳላችሁ። ሲያበቃ «ታክ ፎር ማተን» ማለት ግድ ነው፤ ስለ ምግቡ አመሰግናለሁ ነው። ትንሽ ልጅ ሳይቀር ይላታል፣ ያላለ እንግዳ ይታወቅበታል።

ልጆቻችሁ ጓደኛቸው ቤት ሲጫወቱ ውለው እራት ሰዓት ላይ «እነሱ በሉ፣ እኔ ክፍል ውስጥ ጠበቅሁ» ብለው ቢመጡ እንዳትቆስሉ። በ2022 ይህ ልማድ በኢንተርኔት ዓለምን አነጋግሯል። ብዙ የስዊድን ወላጆች የሚያስረዱት የሌላው ቤተሰብ ለልጁ እራት አዘጋጅቶ ይሆናል፣ እቅዱን አናበላሽ ብለው ነው። ለእኛ ልጅ ማዕድ ከሚቀርብበት ቤት ሳይበላ መውጣቱ አንጀት ይበላል፤ እኔም ልቤ አይቀበለውም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለወላጆቹ ቀድማችሁ መልእክት ላኩ፣ ወይ እዚያ ይብላ ወይ በዚህ ሰዓት እወስደዋለሁ ብላችሁ ተነጋገሩ። እናንተ ቤት የመጣውን ልጅ ደግሞ አብሉት፣ ከማብላታችሁ በፊት ብቻ ለወላጁ ንገሩ፤ አለርጂም ሊኖርበት ይችላል። የትምህርት ቤት ምሳ በግዴታ ትምህርት ዘመን በሕግ ነፃ ነው። አሳማ የማይበላ፣ የሚጾም ወይም አለርጂ ያለበት ልጅ ካላችሁ ትምህርቱ ሲጀመር በጽሑፍ አሳውቁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከረሜላ የመብላት ልማድ አላቸው፤ ሳምንቱን ሙሉ ጥርስን ላለመጉዳት ነው፣ እኔ ቤትም ገብቷል። ዓርብ ማታ ደግሞ ታኮ ነው፤ ሥጋው፣ ኪያሩ፣ በቆሎው፣ ክሬሙ በየሳህኑ ተደርድሮ ሁሉም የራሱን ይጠቀልላል። ዓርብ ለምንጾመው በሥጋው ፋንታ ጥቁር ባቄላ ወይም ምስር በበርበሬ ይሆናል።

እንግዳ ስትጠሩ ይህን ልማዳቸውን ተጠቀሙበት። ወጡን ለስለስ አድርጋችሁ ሥሩ፣ አዋዜውንና ሚጥሚጣውን በትንንሽ ሳህን ከጎን አስቀምጡ። ስዊድናዊ ከጎን የቀረበ ነገር ምን እንደሚደረግ ያውቃል፦ በሹካ ጫፍ ይቀምሳል፣ ይጠይቃል፣ ከዚያ በየጉርሻው ይጨምራል። ሁሉንም በርበሬ ድስት ውስጥ ከጨመራችሁት ግን ውሃ እየጠጣ ዝም ይላል። ጉርሻ ከመስጠታችሁ በፊት ንገሩት፤ ሲገባው አብዛኛው ደስ እያለው ይከፍታል።

አብሮት ዓይብ አይጥፋ፤ የሚቃጠለውን አፍ የሚያበርድ ነገር መኖሩ እንግዳውን ያደፋፍረዋል። ዓይብ እዚህ የምሠራው ፊልምዮልክ ከሚባለው እርጎ መሰል ወተት ነው፤ በየሱቁ በሊትር ካርቶን አለ። ባለ 3 በመቶ ስቡን ሁለት ሊትር ድስት ውስጥ ገልብጣችሁ በጣም ለስላሳ እሳት ላይ ጣዱት። አታማስሉት፣ እንዲፈላም አትተዉት። ቀስ እያለ ዓይቡ ወደ ላይ ይረጋል፣ ቢጫው አጓት ከሥር ይለያል። እሳቱን አጥፍታችሁ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ጨውና ጥቂት ጥቁር አዝሙድ በቂ ነው። አጓቱን አትድፉት፤ ዳቦ ሲቦካ በውሃ ፋንታ ይገባል።